ማኅተም የለመደ እጅ

የጡረታ ስሌት ቀላል ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝህ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፣ ጣሪያው 70 በመቶ። እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። መውጫው 60 ስለሆነ፣ በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድም ዓመት ሳያጎድል የቆየ ሰው ጣሪያው ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ሌሎቻችን ወለሉና ጣሪያው መሃል እንንጠለጠላለን።

መሥሪያ ቤቴ ሲሸኘኝ ጋቢ አለበሰኝ። ንግግር ተደረገ፤ "እንግዲህ ይረፉ" ተባልኩ። የዕረፍቱ ዜና ቀድሞኝ ሰፈር ደርሶ ኖሮ፣ ጋቢው ከትከሻዬ ሳይወርድ እድሩ ጸሐፊ አድርጎ መረጠኝ። ጡረታ የወጣ ሰው በሰፈራችን ባለቤት እንደሌለው ባዶ መሬት ነው፤ ያየው ሁሉ ያጥረዋል። ወፍጮ ቤት ወረፋ ያዙልን፤ ልጁን ከትምህርት ቤት አምጡልን፤ እነ እገሌ በአጥር ተጣልተዋልና አስታርቁልን፤ ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ በር ክፈቱልን። "ሥራ አለኝ" ብል ማን ያምነኛል? ስለዚህ ማንም የማይቀማኝና ማንም የማያግዘኝ ሥራ መፈለግ ነበረብኝ።

ጭቃ ላይ የወደቅኩት በጀበና ሰበብ ነው። የቤታችን ጀበና አንገቱ ተሰበረና ምትክ ልገዛ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር፣ ቀጨኔ ወጣሁ። ዕድሜ ልኬን ጀበና ሲቀዳ እንጂ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። አንዲት ጠና ያሉ እናት መሬት ላይ ተቀምጠው የጀበና ሆድ ያበጃሉ። የሚሽከረከር መሣሪያ የለ፣ መለኪያ የለ። ጭቃውን በረጅሙ እያድቦለቦሉ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ፣ በአንድ እጃቸው ከውስጥ ደግፈው በሌላው ከውጭ እየዳበሱ ያሳድጉታል። ሆዱ ሲያልቅ አንገት፣ ከአንገቱ ጆሮ፣ ከጎኑ መቅጃ። ግራና ቀኙ እኩል። እኔ በመሥሪያ ቤት ዘመኔ በማስመሪያ ያሰመርኳቸው መስመሮች እንኳ እንዲህ ቀጥ ብለው አያውቁም።

"እማማ፣ ያስተምሩኛል?" አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ሐኪም አዞልህ ነው?"

አለመሆኑን ስነግራቸው ይበልጥ ሐሳብ ገባቸው። "እስቲ እጅህን" አሉ። ዘረጋሁ። ገልብጠው አዩት፤ መዳፌን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። "ይሄ እጅ ምን ሲሠራ ኖረ?"

"ማኅተም ሲመታ።"

"እንግዲያ ይሄንንም ምታው፣ ልጄ" ብለው አንድ ጉብታ ጭቃ ፊቴ ዘረገፉልኝ። ታክሲ ውስጥ ወጣቶች "አባባ፣ ይቀመጡ" እያሉ ወንበር በሚለቁልኝ ዕድሜ "ልጄ" የሚለኝ ሰው ማግኘቴ ብቻውን ከጡረታ አበሉ ይበልጣል።

የጭቃው ዝግጅት ራሱ አንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት ነው። አፈሩ ከተራራው ይወርዳል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይዘፈዘፋል። ከዚያ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ገብቶበት ይቦካል። ገል የተሰበረ ሸክላ ነው፤ አንዴ እሳት ያየ ስለሆነ አዲሱ ዕቃ እሳት ላይ ሲወጣ እንዳይሰነጠቅ ያግዘዋል። የእኛ አንገተ ሰባራ ጀበናም ተፈጭቶ እዚያው ገባ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቋንቋ ይህ "ንብረት ማስወገድ" ይባላል፤ ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤና የሦስት ሰው ፊርማ ይጠይቃል። እማማ በሙቀጫ ጨረሱት።

እማማ ሸክላውን የሚያለሰልሱባት አንዲት ጥቁር ጠጠር አለቻቸው። ከእናታቸው የወረሷት ናት። አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎኗ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ የሁለት ትውልድ ጣት ነው የበላው። አንድ ቀን ብድግ አድርጌ ሞከርኳት። የእኔ ጣት ጉድጓዷ ውስጥ አልገባም፤ ሰፋ። እማማ ሳይናገሩ ተቀብለውኝ ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ቆሞ በአንድ ጀበና ዋጋ ግማሽ ሰዓት የሚከራከር ሰው ሳይ ያመኛል፤ ያውም ቡናውን ሲገዛ ሳይከራከር!

የተሠራው ዕቃ ጥላ ሥር ቀናት ይቆያል። ያልደረቀ ሸክላ እሳት ካገኘው ውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ይሆንና መውጫ ሲያጣ ያፈነዳዋል። በእኛ መዝገብ ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ጉዳይ በቆየ ቁጥር የሚፈነዳው ባለጉዳዩ ነው። በደንብ ከደረቀ በኋላ ሜዳ ላይ ይደረደርና በኩበት፣ በጭድና በቅጠል ይለበዳል፤ እሳት ይለቀቅበታል። ከዚያ በኋላ ያለው የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። እማማ እሳቱ ሲያያዝ ያማትባሉ። እኔም አማትባለሁ፤ እሳቸው ለሁሉም ዕቃ፣ እኔ ለአንዷ።

የእኔዋ ከእሳት በሰላም ወጣች። ምን እንደሆነች ለመወሰን ግን ኮሚቴ አስፈለገ። እኔ የወጥ ድስት ብዬ ነው የጀመርኳት። እማማ "ለዕጣን ማጨሻ ትሆናለች" አሉ፤ ደግ ሰው ናቸው። ባለቤቴ አዟዙራ አየቻትና ውሻው ፊት አስቀመጠቻት። ውሻው አሽትቶ፣ ዞሮ አይቶ፣ ውሃ ጠጣባት። ከሦስቱ የኮሚቴ አባላት በፍጥነት የወሰነው እሱ ነው።

ወሬው አገር ቤት ደረሰ። ታናሽ ወንድሜ ደወለ። "ጋሼ፣ እውነት ነው የሚባለው?" "ምኑ?" "ጭቃው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በዘራችን እኮ ሸክላ ሠሪ የለም።" "በዘራችን ጡረታ የወጣስ መቼ ነበረ?" አልኩት። እሱን ያስጨነቀው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ ሸክላ መሆኑ፣ ሁለተኛ የሴት ሥራ መሆኑ። አገሬው ጀበናውን እየወደደ ሠሪዋን ሲሸሽ ኖሯል፤ በእጇ ሥራ ቡና እየጠጣ ቡዳ ይላታል። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ወንድሜ ዘንድ ገና አለመድረሱ የእኔ መዝገብ ቤት ጥፋት አለመሆኑ ግን ይመዝገብልኝ።

ውሻውን ካነሳሁ አይቀር፣ ስሙ "ነገ ና" ነው። በድሮ ጊዜ ገጠር ውስጥ ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት መናገር ያልፈለገውን ለውሻው ስም አድርጎ ያወጣው ነበር፤ ውሻ በተጠራ ቁጥር መልእክቱ አጥር ይሻገራል። እኔ ከጎረቤት ጋር ጠብ የለኝም። በሥራ ዘመኔ ከአፌ አብዝቶ የወጣውን ቃል ግን እንዲሁ ሜዳ ላይ ልጥለው አልፈለግኩም። ችግሩ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ "ነገ ና! ነገ ና!" ብላ ስትጣራ ልትጠይቀን የመጣች እህቷ ዞራ ሄዳለች። እስካሁን ኩርፊያ ላይ ናት።

ነገ ና ቤት አይገባም። በዚህ ጉዳይ የቤቱ ሕግ ጽኑ ነው፤ ውሻ የውጭ ነው። አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ተከራከርኩለት። "ጃንሆይ እንኳ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ ነበራቸው፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር የሚኖረው" አልኳት።

"አንተም ቤተ መንግሥት ሲኖርህ አስገባው" አለችኝ።

ድመቷ ግን ማንንም ሳታስፈቅድ አልጋ ላይ ትተኛለች። ኦዲተር ትባላለች። ሳትጠራ ትመጣለች፣ ያልተከደነውን ሁሉ ትመረምራለች፣ ቃል ሳይወጣት ትሄዳለች፤ ምን እንዳገኘች የሚታወቀው ከሄደች በኋላ ነው። እንዲደርቅ ቤት ወስጄ ጥላ ሥር ባስቀመጥኩት ሳህን መሃል ላይ እግሯን አትማ አለፈች። ቀጨኔ መልሼ ወስጄ ልለስነው ስል እማማ "ተወው፤ ከነገርህ ሁሉ ያማረው እሱ ነው" አሉኝ። ከነአሻራው እሳት ገባ። ከሥራዎቼ ሁሉ ሕጋዊ ማኅተም ያረፈበት እሱ ብቻ ነው።

ከጭቃው ሌላ ዳቦ መጋገርም ጀምሬአለሁ፤ እሱ የመጣው በልጄ በኩል ነው። አሜሪካ ነው ያለው። በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ፤ አንድ ጺሙን ያሳደገ ጎረምሳ ዱቄትና ውሃ በጠርሙስ በጥብጦ፣ ስም አውጥቶለት፣ በየቀኑ ዱቄት "ያበላዋል"። ልጄ ከሥሩ "አባዬ፣ እዚህ አዲስ ፋሽን ነው" ብሎ ጽፏል። እናቴ ከቡሃቃዋ ግርጌ ስታስቀረው የኖረችው እርሾ መሆኑን ለማስረዳት ሦስት የድምፅ መልእክት ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ "ስም ግን አላወጣችለትም" አለኝ። እሱ ልክ ነው።

ቪዲዮው ሊጡ ኩፍ እንዲል የሚሰጠው ሰዓት ደግሞ ለእኛ አይሠራም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ሙቀት ካገኘ ሊጥ እዚህ ከቆላው ፈጥኖ ኩፍ ይላል። ሙቀት ካገኘ ነው ያልኩት፤ ሐምሌ ላይ ግን ከየት ይምጣ? ስለዚህ ሊጡን በመሥሪያ ቤቴ ጋቢ እጠቀልለዋለሁ። "ይረፉ" ተብሎ የተሰጠ ጋቢ እነሆ ለሊጥ ዕረፍት ዋለ። ኦዲተርም የሞቀውን ነገር ሁሉ ስለምታውቅ ላዩ ላይ ትተኛለች። ከመሃል የሰረጎደ ድፎ ቤታችን ገብታችሁ ካያችሁ ምክንያቱን አትጠይቁ።

ወጥ ቤቱ የባለቤቴ ግዛት ነው፤ የገባሁት በጊዜያዊ ፈቃድ ነው። በር ላይ ቆማ ታየኛለች። "አንተ ሰውዬ፣ ሊጡን እያሸኸው ነው ወይስ ፋይል እያደረግከው?" ኮባውን ግን እሷ ነች ያስተማረችኝ። ቅጠሉ ይታጠባል፤ ከዚያ እሳት ላይ በፍጥነት ይሳባል። ነበልባሉ ሲነካው ቀለሙ ከፈዛዛ ወደ ደማቅ አረንጓዴ ይለወጣል፣ ያብረቀርቃል፣ ጨርቅ ያህል ይለሰልሳል፤ ያኔ ሲያጥፉት አይቀደድም። ሊጡ ከነጥቁር አዝሙዱ በዚያ ላይ ይደፋና ከላይም በኮባ ይሸፈናል። ሲበስል ቤቱን የሚሞላው ሽታ ግማሹ የዳቦ፣ ግማሹ የቅጠል ነው። ይህን ሽታ ዳቦ ቤት አይሸጥላችሁም።

ታዲያ አንድ ቀን መሃል ላይ መብራት ሄደ። ግማሽ የበሰለ ድፎ መጋገሪያው ውስጥ፣ የተጠሩ እንግዶች መንገድ ላይ። እኔ ቆጣሪው ጋ ሮጬ ቆጣሪውን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ባለቤቴ ምንም ሳትደነግጥ ከሰል አቀጣጠለች፣ ድፎውን ብረት ምጣድ ላይ አዛወረች፣ በሌላ ብረት ምጣድ ከደነችና ፍም ከላይ አፈሰሰችበት። ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት። "እናቶቻችን ቆጣሪ ነበራቸው እንዴ?" አለች። ወጥቶ ሲቆረስ፣ እውነቱን ልናገርና፣ መብራት ሳይጠፋ ከጋገርኳቸው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ልጄ ይህን ቪዲዮ ቀርጾ ቢያሰራጨው ኖሮ ያ ጺማም ጎረምሳ ሥራ ይፈታ ነበር።

ድሮ የአባወራ ሥልጣን በድፎ ላይ ሁለት ብቻ ነበር፤ መባረክና መቁረስ። እኔ አሁን አቦካለሁ፣ እደፋለሁ፣ እባርካለሁ፣ እቆርሳለሁ፤ ከዚያ ዕቃውን አጥባለሁ። የመጨረሻው በሥራ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ነሐሴ 13 ቀን፣ ለቡሄ፣ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት የሰፈር ልጆች ሙልሙል ስሰጣቸው ገልብጠው አዩት። አንደኛው ቀስ ብሎ ለጓደኛው "ጋሼ ናቸው እኮ የሠሩት" አለው። ጓደኛው በጥርሱ ሞከረው። ከዚያ ሁለተኛ ጠየቁኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የሠራሁትን ነገር ማንም ሁለተኛ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ያልጨረስኩላቸውን እንጂ።

እንግዲህ ሰፈራችንን የምታውቁ ቅዳሜ ከሰዓት ጎራ በሉ። መብራት ካለ በመጋገሪያው፣ ከሌለ በከሰሉ፣ ድፎ አይጠፋም። ዱቄት ይዞ የሚመጣ አይከለከልም፤ የጡረታውን ስሌት ከላይ አስቀምጫለሁ። ቡናው የሚቀዳው ከእማማ ጀበና ነው፣ ከእኔ አይደለምና አትስጉ። በር ላይ ስትደርሱ ባለቤቴ "ነገ ና!" ስትል ብትሰሙ ደግሞ እንዳትመለሱ፤ ውሻውን ነው፣ ግቡ።