አቀንጭራ በአበባ መደብ

ደሴ ተወልጄ ደሴ ያደግሁ የከተማ ልጅ ነኝ። ከአፈር ጋር የምንገናኘው ጫማዬን ሳስጠርግ ብቻ ነበር። ቆቦ የሳይንስ መምህር ሆኜ ስመደብ ግን የጓሮ አትክልት ክበብ ኃላፊ ሆንሁ። ችሎታዬን አይተው አይደለም፤ ስብሰባው ላይ አርፍጄ ስደርስ ሚኒ ሚዲያውም ስፖርቱም ባለቤት አግኝተው ስለነበር ነው።

የክበቡ ዓላማ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን «ከተፈጥሮ ጋር ማስተዋወቅ» ይላል። ልብ በሉ፣ የራያን ልጅ! አፉን በጥንቅሽ የፈታውን፣ ግሪሳ ሲመጣ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚያስጮኸውን። ጥቅምት ላይ ስም ስጠራ ከግማሹ ክፍል የማገኘው መልስ «ማሽላ ጥበቃ ሄዷል!» ነው። ዕቅዴ ላይ ግን «ተማሪዎች ዘር ምን እንደሆነ ይረዳሉ» ብዬ ጽፌያለሁ።

ጉዱ የመጣው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። አመሻሽ ላይ ከከተማው ወጣ ብዬ ስንሸራሸር ከማሽላው ሥር አንድ አበባ አየሁ። ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም፤ ሐምራዊ አበባው ከግንዱ ጫፍ ተደርድሮ ዓይን ይስባል። ከነአፈሩ ነቅዬ፣ በፌስታል ይዤ፣ ክፍሉ ፊት ለፊት ባለው የአበባ መደብ ተከልሁት። ውሃም አጠጣሁት። ጠዋት ተማሪዎቹን ዙሪያውን አሰልፌ «ልጆች፣ ይኼ አበባ ምን ይባላል?» አልሁ።

ዝም አሉ። ከኋላ አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ማነው የተከለው?» አለች።

«እኔ።»

«አላህ ይቅር ይበልዎ። አቀንጭራ እኮ ነው!»

ከዚያ በኋላ አስተማሪው ማን እንደነበር አልናገርም። አቀንጭራ ሥሩን ከማሽላው ሥር ሰክቶ ምግቡን የሚመጥ ጥገኛ ነው፤ ብቅ ብሎ አበባውን ሲያሳይ ከመሬት በታች የሚሠራውን ሠርቶ ጨርሷል። ዘሩ እንደ በርበሬ ዱቄት የደቀቀ ነው፣ አንዷ ተክል ብቻ በአሥር ሺዎች ትበትናለች። ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት አድፍጦ ይቆይና የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ይነቃል። ልጆቹ ኬሚካሉን አያውቁትም፤ ጠባዩን ግን እንደ ክፉ ጎረቤት ያውቁታል። ነቅለው አቃጠሉት። ፌስታሉንም አቃጠሉት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። ጫማዬን አስወልቀው እሳቱ ላይ አራገፉት፣ አንደኛው ተንበርክኮ የሱሪዬን እጥፋት ገለበጠ። በአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንደ ጉምሩክ የተፈተሸ መምህር ካለ እጁን ያውጣ።

ሌሊቱን ክብሬን ለማስመለስ ሳነብ አደርሁ። በማግስቱ ስለ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ነገርኋቸው። ወሎንኮሚ ተወልደው፣ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያዳቀሉት ሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። አገራችን ከገቡት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ» እንደሚባል ስነግራቸው ክፍሉ ተንጫጫ።

«ጎብዬ? ይችው በወልድያ መንገድ ያለችው?»

«ስሟ ያው ነው።»

«አክስቴ እዚያ ናት» አለ አንዱ፣ ከሽልማቱ ድርሻ እንደሚጠይቅ ሰው ኮራ ብሎ።

ተበረታታሁና ሰላጣ ዘራሁ። ዘሩን ከደሴ ነው ያስመጣሁት። ደሴ በሳምንት ብቅ የሚል ሰላጣ ቆቦ ላይ አልበቅልም አለ። ለካ የሰላጣ ዘር ሙቀት ሲበዛበት ይተኛል። ሽንኩርትና ቲማቲም በጉድጓድ ውሃ ከሚያለሙ ቤቶች የመጡት ልጆች አዝነውልኝ በአገዳ ዳስ ሠሩለት፤ ጥላ አገኘ፣ ማታ ማታ ውሃ ጠጣ፣ በቀለ።

«ቲቸር፣ እንዴት ነው የሚሠራው?» አለኝ ባለ አክስቱ።

«አይሠራም፤ ጥሬውን ነው የሚበላው።»

«ጥሬውን? ማን?»

መልስ አልሰጠሁትም። ለፍየል መከላከያ በቁርቁራ እሾህ እስከ ደረቴ አሳጠርን። ፍየሎቹ መጡ፣ አዩ፣ ተመለሱ። አጥሩን ዞሬ ዞሬ ሳየው እንደ ጎንደር ግንብ ነው የታየኝ።

ኅዳር ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ክፍል ውስጥ ስለ ቅጠል ሳስተምር ባለ አክስቱ በመስኮት አሻግሮ ሲያይ ያዝሁት። ልቆጣው ስጠጋ እኔም አየሁ። አንድ ግመል መንገዱ ላይ እንደቆመ፣ አንገቱን ከእሾሁ በላይ አሳልፎ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ የመጀመሪያውን መደብ ጨርሶ ሁለተኛውን ይዟል።

«ቲቸር» አለ ልጁ ቀስ ብሎ፣ «የሚበላው ተገኘ።»