ሳይታመሙ ሕንድ መሄድ

ለቡ መብራት ኃይል ውስጥ «ሕንድ ልንሄድ ነው» ያለ ሰው የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ማን ታመመ?» ጎረቤታችን እትዬ ወሬውን የሰሙ ዕለት ነጠላቸውን እንኳ በወጉ ሳያጣፉ ደጃችን ደረሱ። «ምነው ልጄ፣ እናትሽ ምን ሆነችብኝ?» እማዬ ደህና መሆኗን፣ ቼናይ የምንሄደውም ባሕር ለማየት ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ለመታከሚያ የጠፋ ገንዘብ ለባሕር? ይሄማ ሞኝነት ነው» ብለው ተመለሱ።

ልክ ናቸው፣ ሞኝነት ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ ላወድሰው የተነሣሁት ይህንኑ ሞኝነት ነው።

ብልሆቹ የሚሉት ሁሉ ትክክል ነው። ባሕር ለናፈቀው ባቡሩ ቅርባችን ነው፤ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነሥቶ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ጅቡቲ ይገባል። የዶላሩም ነገር አለ። እማዬ ለዚህ ጉዞ እቁብ ስትጀምር አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ብልህ ሰው ያን ጊዜ ሐሳቡን ይተዋል። እሷ ግን እጣዋ ሲደርሳት ብሩን አስቀመጠችና ሌላ እቁብ ገባች።

ወሩን ለመምረጥ ብዙ ደከምን። አስተማሪ ነኝ፤ ረጅሙ ዕረፍቴ ክረምት ነው። መጀመሪያ ያሰብነው ሙምባይን ነበር። ሙምባይ ላይ ግን በሐምሌ ብቻ የሚወርደው ዝናብ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ከግማሽ ይበልጣል፤ ከኛ ጭቃ ወጥቶ እዚያ ጎርፍ መግባት ይሆናል። ቼናይ በሌላኛው ዳርቻ፣ በምሥራቅ በኩል ስለሆነች ዋናው ዝናቧ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ ሙቀቱ አይቻልም። ይህ ሁሉ ሲቀናነስ ጥር ተረፈ፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በመንፈቅ ዓመቱ አጭር ዕረፍት። የቢጫ ወባው ካርድ አላሳሰበንም። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ክትባቱን ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ካልወሰደ ሕንድ ሲገባ እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። ሆኖም አንዴ የተወሰደው ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ሁለታችንም አባዬን ይዘን የሄድን ጊዜ ወስደነዋል።

አዎ፣ ቼናይን እናውቃታለን። ማለት፣ የሆስፒታሉን ኮሪደር፣ የመድኃኒት ቤቱን ሰልፍ፣ አማርኛ የሚሰማበትን የእንግዳ ማረፊያ እናውቃለን። እኛ በፋብሪካው ስም ባጃጅ የምንለውን እዚያ ኦቶ ይሉታል፤ በኦቶ ከማረፊያችን ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ማረፊያችን ስንመላለስ ከረምን። አንድ ምሽት አባዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ «ባሕሩ በየት በኩል ነው?» አለ። ማናችንም አላወቅንም። የነገ ምርመራ ነበረበትና «ሲሻልህ እናያለን» አልነው። ባሕሩን ሳናይ ተመለስን። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የማስበው ነገር አለ። ከዚህ አገር ወደ ሕንድ የሄደ ሁሉ የሄደው ግድ ሆኖበት ነው። ደብረ ዳሞ ገዳም ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ከ100 በላይ የወርቅ ሳንቲሞች የተገኙት በአዱሊስ ወደብ በኩል ነጋዴ ስለተመላለሰ ነው። ማሊክ አምባር ሕንድ ውስጥ የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆኖ በ1626 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ ስሙ ደካንን አንቀጥቅጧል፤ ከኢትዮጵያ የወጣው ግን በልጅነቱ ተሽጦ ነው። የኛ ዘመን ሰው ደግሞ ፋይሉን ታቅፎ ይሄዳል። አንዱ ለወርቅ፣ አንዱ በሰንሰለት፣ አንዱ ለነፍሱ። እማዬ ከቤታችን ለምንም ጉዳይ ሳይሆን ለደስታዋ የምትሄድ የመጀመሪያዋ ሰው ትሆናለች። ይህ ሞኝነት ከሆነ ሁለት ሺህ ዓመት የዘገየ ሞኝነት ነው፤ እኔም በሙሉ ልቤ አከብረዋለሁ።

ማሪና በሚባለው የቼናይ ረጅም የባሕር ዳርቻ መዋኘት ክልክል ነው፤ ማዕበሉ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ብዙ ሰውም ወስዷል። ይህን ስነግራት «እኔ መቼ ዋና እችላለሁ? እግሬን ላስነካው ነው እንጂ» አለች። ከዚያ ቅዱስ ቶማስ ተቀብሮበታል የሚባለውን የሳን ቶሜ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትፈልጋለች። ስንክሳሩ በግንቦት 26 ሕንድን ያስተማረውን ሐዋርያ ሲያነሣ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ኖራለች፤ ቦታው አባዬ ከታከመበት ከተማ መሆኑን ያወቀችው ግን ከተመለስን በኋላ ነው። እንደዚህ ዓይነት ነገር ለታማሚ ቤተሰብ የሚነግር የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ እትዬም ነበሩ። እማዬ ከቁም ሳጥኑ የአባዬን ፋይል አወጣች። ካርዶቹ ያሉት እዚያው ውስጥ ነው። ከፋይሉ አንድ የቆየ የደም ምርመራ ወረቀት መዝዛ ገለበጠችውና በባዶው ጀርባ እንድጽፍላት እስክሪብቶ ሰጠችኝ። የመጀመሪያውን ቀን ፕሮግራም አስጻፈችኝ፤ ማሪና፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በኦቶ። እትዬ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ለምን በሌሊት?» አሉ።

«ባሕሩ በምሥራቅ በኩል ነው» አለቻቸው፤ «ፀሐይዋ የምትወጣው ከውኃው ውስጥ ነው።»