ሁለት ዓመት ሳይሞላው

«ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሂዱ!» ቤቴል ውስጥ ሕፃን ልጅና አሜሪካ የምትኖር እህት ያላቸው ባልና ሚስት ይህን ምክር ከአያት፣ ከጎረቤትና ከትኬት ሻጭ እኩል ይሰሙታል። የሂሳብ ምክር ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጭን ላይ ተቀምጦ ስለሚሄድ፣ ለዓለም አቀፍ በረራ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈልለት የአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ነው። ልደቱ ካለፈ ግን ማሙሽ እንደ ትልቅ ሰው የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል። እዚያው አክስቱ ቤት ሻማ ካጠፋም የመልሱ ወንበር ሊገዛለት ነው።

ደንቡን ያወጣው ሰው ልጅ ያሳደገ አይመስልም። የስድስት ወር ሕፃን ይጠባል፣ ይተኛል። የአምስት ዓመቱ ካርቱን ከተከፈተለት እናቱንም ይረሳል። የአንድ ዓመት ከስምንት ወሩ ግን በቅርቡ «ወፌ ቆመች» ተብሎለት መራመድን ሥራዬ ብሎ የያዘ፣ «ተቀመጥ» የሚባለውን ነገር ግን ገና ያልሰማ ፍጡር ነው። ቤተሰቡ ዋጋው ሊያመልጠን ነው ብሎ የሚጣደፈው ልክ በዚህ ዕድሜው ነው።

መጀመሪያ ሻንጣው ይመጣል። 23 ኪሎ የተፈቀደለት ሻንጣ በበርበሬ፣ በሽሮና በኮሰረት ይጠቀጠቃል፤ ዳይፐሩ የሚገባው የተረፈ ቦታ ከተገኘ ነው። ቋንጣውን አክስትየዋ በስልክ ታስወጣዋለች፤ የአሜሪካ ጉምሩክ ሥጋ አያሳልፍም። ከዚያ ከቤቴል በጦር ኃይሎች፣ በሜክሲኮ አድርጎ ወደ ቦሌ። የምሽቱ መንገድ ተዘጋግቶ መኪናው ሲንፏቀቅ ማሙሽ ድብን ብሎ ይተኛል። ለአትላንቲክ የታሰበው እንቅልፍ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ አለቀ ማለት ነው።

ጎረቤት ሁሉ የሚፈራው ከፍታውን ነው፤ «ጆሮውን! ጆሮውን!» ይላሉ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። ድሪምላይነር በሚባለው አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ቢበዛ ከ1,800 ሜትር ከፍታ አየር ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ ነው የሚጠበቀው። ስለዚህ ማሙሽ አሥር ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ የሚተነፍሰው የባሕር ዳርን የሚመስል አየር ነው። ጆሮው በደንብ የሚፈተነው ዋሽንግተን ደለስ ለማረፍ ሲወረድ ነው፤ ያኔ ጡት ወይም ጡጦ መስጠት ነው፣ ሲውጥ ይከፈትለታል።

የቦሌ ከፍታ ሌላም ጣጣ አለው። በስስ አየር ላይ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ስለሚከብድ፣ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ባለፉት ዓመታት እንደ ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ባሉ ከተሞች እያረፈ ነው የተጓዘው። ማሙሽ በስንት እሹሩሩ የሚተኛው ታዲያ አውሮፕላኑ ለማረፍ ማሽቆልቆል ሲጀምር ነው። መብራት ይበራል፣ ቀበቶ እሰሩ ይባላል፣ ማሙሽም ይነሳል።

ከተነሳ በኋላ የሚያገኘው መጫወቻ መስኮቱ ነው። ድሪምላይነር የመስኮት መጋረጃ የለውም፤ ከመስኮቱ ሥር ባለች ቁልፍ መስታወቱ ቀስ እያለ ይጠቁራል፣ ቀስ እያለ ይገለጣል። ያን «ቀስ» ማሙሽ አያውቀውም። ይጫናል፣ ምንም የለም፤ ደግሞ ይጫናል፤ ሊጠቁር የጀመረው ተመልሶ ይገለጣል። በመጨረሻ ሆስተሷ የሁሉንም መስኮት ካለችበት ሆና ታጨልመዋለች። ማሙሽ ሥልጣኑን ሲነጠቅ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ኋላው መጸዳጃ ቤት ይደርሳል።

«ሽሮፕ ስጡትና ይተኛ» የሚል መካሪ አይጠፋም። ሐኪሞች ግን ለአለርጂ የተሠራ መድኃኒትን ለማስተኛ መስጠትን አይደግፉም። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ወስዶት በመተኛት ፈንታ ጭራሽ ይነቃል፤ ሙከራውን በአየር ላይ መጀመር አይመከርም። ከፊት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አልጋም ለጨቅላዎች ነው፤ ማሙሽ በክብደትም በእግርም አልፎታል።

እንዲህ ባለ ሌሊት የሚያተርፉት እማማ ናቸው። በዚህ መስመር ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት አይጠፉም። «አምጪው እስቲ ልጄ፣ አንቺ ትንሽ ጎንሽን አሳርፊ» ብለው ማሙሽን ይቀበላሉ፤ ከቦርሳቸው የበሶ ጭብጦ አውጥተው ቆንጠር እያደረጉ ያጎርሱታል። ጭብጦው ሲያልቅ ማሙሽ ነጠላው ውስጥ ተጠቅልሎ እንቅልፉን ይለጥጣል። እናትየዋ ግን ጎኗን አላሳረፈችም፤ እማማ የአሜሪካን የመግቢያ ጥያቄ እንድታስጠናቸው ይዘዋታል።

የመልሱ በረራ ሌላ ነው። ደለስ ከባሕር ወለል ብዙም ስለማይርቅ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳል፤ ወደ 13 ሰዓት የሚጠጋ ጉዞ ነው፣ ያለ ማረፊያ።

ትኬት ልትቆርጡ የተነሳችሁ ወላጆች፣ ወይ ሳይድህ ሂዱ፣ ወይ «ተቀመጥ» ሲባል መስማት እስኪጀምር ጠብቁ። በመሃሉ መሄድ ግድ ከሆነባችሁ ግን 10 በመቶውን እርሱትና፣ ከቻላችሁ ሙሉ ወንበር ግዙለት።