ዳንቴል የለበሰው ራውተር፦ በምዕራብ ጎጃም ቤቶች የዋይፋይ ስርጭትን የሚመለከት ጥናት

ፍኖተ ሰላም፣ በቀድሞ ስሟ ወጀት፣ «የሰላም መንገድ» ማለት ናት። ሰላሙ ግን ከደጅ ያበቃል፤ ዋይፋይ ከሳሎን ተነሥቶ ጓዳ እስኪደርስ የሚሄድበት መንገድ ሰላም የለውም። ከዚያች ከተማ ወጥቶ፣ በማንኩሳ አልፎ ቡሬ እስኪገባ ድረስ ሳሎኑ ጠግቦ መኝታ ቤቱ የሚራብበት ቤት ሞልቷል። ነዋሪው አንዴ በመስመሩ፣ አንዴ በመብራቱ፣ አንዴ ፓስዎርድ በተሰጠው የጎረቤት ልጅ ያሳብባል። የዚህ ጥናት ክርክር ሌላ ነው፦ የራውተርን ቦታ የሚወስነው ሞገድ ሳይሆን ክብር ነው፤ የክብሩም ምልክት ዳንቴል ነው።

ራውተሮች እንደ አቀማመጣቸው በሦስት ይከፈላሉ፦ ባለምስማር፣ ባለመስኮትና ባለቡፌ። ባለምስማሩ በየሱቁና በየቡና ቤቱ ግድግዳ ተሰቅሎ አቧራ የሚለብስ ነው። ባለመስኮቱ በሲም የሚሠራው ሲሆን፣ ኔትወርክ ፍለጋ እንደ ድመት መስኮት ላይ ይውላል። ሁለቱም ለሞገድ የሚመች ቦታ ስለያዙ የሚጠና ነገር የላቸውም። ባለቡፌው ግን ቦታውን የወረሰ ነው። መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ቀጥሎ ቴፕ፣ ከዚያም ቴሌቪዥንና ሪሲቨር በተሰየሙበት ዙፋን ተራው ደርሶት ወጥቷል፤ ንግሥና ያለ ካባ አይሆንምና እንደ ቀደሙት ሁሉ ዳንቴል ይደረብለታል። ዳንቴሉም ወገን አለው። ክቡ እንደ ቆብ አናት ላይ ብቻ ያርፋል፤ ልከኛና ትሑት ነው። አራት ማዕዘኑ እስከ ትከሻ ይወርዳል። ባለዘርፉ ፊት ስለሚሸፍን ኢንተርኔት መኖር አለመኖሩን ማወቅ የፈለገ ሰው ዘርፉን በጣቱ ቀስ አድርጎ፣ የሙሽራ ዓይነ ርግብ እንደሚገልጥ፣ ገልጦ መብራቱን ያያል፤ ቀይ ከሆነም ያለ አንዳች ቃል መልሶ ይሸፍናል። ከሁሉ የሚልቀው ግን በልክ የተሠራው፣ ለአንቴናዎቹ ቀዳዳ የተተወለት ነው። ይህን በኪሮሽ የሠራች እናት አንቴናዎቹን ቆጥራለች፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በስንዝር ለክታለች። ዕቃውን ከፋብሪካው ወዲህ እንደ እሷ በጥንቃቄ የመረመረው ሰው መኖሩ ያጠራጥራል።

በዳንቴል ላይ የሚቀርበው ክስ ግን ከባድ ነው። ፊዚክስ የተማረ የቤቱ ልጅ እንዲህ ይላል፦ ማይክል ፋራዴይ በ1836 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው በመረብ የተከበበ ነገር ከውጭው ኤሌክትሪክ ይከለላል፤ የማይክሮዌቭ ምድጃ በር ላይ ያለው ወንፊትም ቀዳዳው ከሞገዱ ስለሚያንስ ሞገዱን አያሳልፍም፤ የዋይፋይ ሞገድ በ2.4 ጊጋኸርዝ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፣ የዳንቴሉ ቀዳዳ ደግሞ ጣት እንኳ አያስገባም፤ እንግዲህ ኔትወርኩን ያሰረችው እናቴ ናት። ክሱ ያምራል፣ አንድ ነገር ግን ዘንግቷል። የፋራዴይም ሆነ የምድጃው መረብ ብረት ነው፤ ዳንቴል ጥጥ ነው። ደረቅ ጥጥ ይህን ሞገድ አያስቆምም፤ ጋቢ ተከናንቦ ስልኩን ከጋቢው ውስጥ የሚነካካ ሁሉ የዚህ ምስክር ነው። በዳንቴሉ ላይ የሚጸናው አንድ ጥፋት ብቻ ነው፦ የሙቀት መውጫውን ደፍኖ ዕቃውን ያሞቃል።

እውነተኞቹ ጥፋተኞች ዳር ቆመው ይታዘባሉ። የቡፌው ጀርባ መስተዋት ነው፤ ከመስተዋቱ ኋላ የተቀባው ስስ ብረት ሞገዱን ወደ መጣበት ይመልሰዋል፤ የሳሎኑ ጥጋብ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያ ያመለጠውን የጭቃ ግድግዳ ይቀበለዋል፤ ጭድና ጭቃው በበጋ ይታገሣል፣ ክረምት እርጥበት ሲጠጣ ግን ይከብዳል። ቀጥሎ ጓዳ አለ፣ በጓዳም ጋን። ለዝክር የተጠመቀ ጠላ በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይመጥጠዋል፤ ስለዚህ ሞገዱ እንደ ማንኛውም የጎጃም እንግዳ ጋን አጠገብ አቅሙን ሳይተው አያልፍም። ጠላው ሲጠጣ መንገዱ ይከፈታል የሚል ተስፈኛ ይኖር ይሆናል። የሰው አካልም ግን ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ሠላሳ የዝክር ተጋባዥ ማለት ሠላሳ እንስራ ማለት ነው፤ ከጋኑ የጎደለውም ወደ እነሱ ስለሚዛወር በቤቱ ያለው ውሃ አልቀነሰም።

ታዲያ ራውተሩን ከቡፌው አንሥቶ ወደ ቤቱ መሐል ማምጣት አይቀልም? ይቀላል፤ ገንዘብም አያስወጣም። የሚደረገው ግን ማራዘሚያ መግዛት ነው። ማራዘሚያ በአንድ ሬዲዮ እየተቀበለ በዚያው የሚያቀብል ከሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል፤ ይህም ቢሆን ሞገዱ ገና ሳይደክም በሚያገኘው ቦታ ሲሰካ ነው። በየቤቱ የሚሰካው ግን ምንም በማይደርስበት ክፍል ነው፤ ከሌለው ላይ እንዲያካፍል። ይህ የዕውቀት ማነስ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ባለመስኮቱ ራውተር ሥራ ፈትቶ ከመስኮቱ ወረደ፤ በብዙ ቤትም ከባለቡፌው ጎን፣ ዳንቴሉ ሥር አረፈ። ክብሩ በአገልግሎቱ ቢሆን ኖሮ ሹመቱን ያገኘው ሥራ በፈታ ማግሥት ባልሆነ።

ማራዘሚያውም ውሎ አድሮ ዳንቴል ይሠራለታል፤ ይህን የሚያስቀር ክርክር አልተገኘም። ስለዚህ ኪሮሽ የያዙ እናቶችን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ በሙቀት መውጫው በኩል ቀዳዳውን ሰፋ ያድርጉልን።