ለአንድ ጢም ይህ ሁሉ ዕቃ

በእኛ ዘመን ወንድ ልጅ ጢሙን ካንዠረገገ ወይ ሐዘን ላይ ነው፣ ወይ መንኩሷል፣ ወይ ሸፍቷል። ሐዘንተኛው አርባው ሲወጣ ይላጫል፤ መነኩሴው ምላጭ አያስጠጋም፤ ሽፍታውም ምሕረት ሲደረግለት መጀመሪያ ጠመንጃውን፣ ቀጥሎ ጢሙን ያስረክባል። ነገሩ ግልጽ ነበር። ዛሬ ጢሙን ደረቱ ላይ ያወረደ ጎረምሳ መንገድ ላይ ሲገጥመኝ «እግዜር ያጽናህ» ልበለው፣ «አባ ይፍቱኝ» ልበለው፣ ወይስ ኪሴን ጠበቅ ላድርግ፣ ግራ ይገባኛል። አንዱን የሰፈር ልጅ አዝኜለት «ማን ሞተባችሁ ልጄ?» ብለው፣ «ኧረ ማንም፤ ስታይል ነው ጋሼ» ብሎኝ አለፈ።

ማሳደጉስ ይሁን። ጢም በራሱ ጊዜ ያድጋል፣ ገንዘብም አይጠይቅም። እኔን የሚያንገበግበኝ መከርከሚያው ነው። የልጅ ልጄ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ መታጠቢያ ቤታችን በቶንዶስ ተሞልቷል። የጥርስ ብሩሼን ላነሳ እጄን ስሰድ አንዱን እነካና ግርርር ብሎ ያስደነግጠኛል። ትልቁ ለጅምላው ነው ይለኛል፤ ቀጭኑ ጠርዝ ለማውጣት፤ አፉ ክብ የሆነው ደግሞ ለአፍንጫና ለጆሮ። ለጆሮ! የጆሮ ጸጉር የሽማግሌ ጌጥ ነው፣ ማን ንኩት አለ? በዚያ ላይ አንድ ከረጢት ሙሉ የፕላስቲክ ማበጠሪያ አለው፤ ቶንዶሱ አፍ ላይ የሚሰካ፣ እያንዳንዱ ቁጥር የተጻፈበት። 1 ቁጥር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያስቀራል፣ 2 ቁጥር 6፣ 4 ቁጥር 13 ገደማ። ልጁ በ2 እና በ3 መካከል ሲያወላውል ያመሻል። እኔ ይህን ቤት ሳሠራ እንኳ በሚሊ ሜትር አልተጨነቅሁም፤ ግድግዳው ትንሽ ዘመም ቢልም ይኸው ቆሟል።

ያችን ትንሽ የዘይት ጠርሙስ ግን ያየሁ እኔ ነኝ። ከካርቶኑ ግርጌ ተወሽቃ ትመጣለች፤ ልጆቹ ከካርቶኑ ጋር አብረው ይጥሏታል። ከዚያ ጥርሱ እርስ በርሱ ተፋጭቶ ይግላል፣ ጸጉሩን መቁረጡን ትቶ ይነጫል፣ ልጁም «ኦርጅናል አይደለም» ብሎ ሻጩን ይረግማል። ማሽኑን አስነስቶ አንድ ሁለት ጠብታ ማድረግ፣ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ፤ በቃ ይህ ነው ሥራው። ለመኪናው ዘይት የሚቀይር ትውልድ ይህች እንዴት እንደጠፋችው አይገባኝም።

ምላጩ ላይ ደግሞ የባሰ አለ። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ያቀረበው አንዲት ስስ ብረት ነበር፤ በሁለት ጎኗ የምትቆርጥ፣ ስትደነዝ የምትጣል። ለብዙ ዓመት ዓለም በዚህች ተላጨ። በ1971 ድርጅቱ ሁለት ምላጭ ደርቦ መጣ። በ1998 ሦስት አደረሰ። በ2003 ተፎካካሪው አራት አለ፤ በ2006 ጂሌት አምስት ብሎ መለሰ። ጨረታ ላይ ነን እንዴ? ፊቱ እንደሆነ ያው አንድ ፊት ነው።

ይህ ሁሉ መደራረብ ለምንድን ነው ቢሉ፣ ጠጋ አድርጎ ለመላጨት ነው። የፊተኛው ምላጭ ጸጉሩን ጎተት ያደርገዋል፣ የኋለኛው ሳይመለስ ይደርስበትና ይቆርጠዋል፤ ጉቶው ከቆዳ በታች ገብቶ ይደበቃል። ጸጉሩ ቀጥ ላለ ሰው ይስማማው ይሆናል። የእኛ ጸጉር ግን ጥቅልል ነው። ከቆዳ በታች የተቆረጠው ሲያድግ ጎብጦ እዚያው ሥጋ ውስጥ ይሰካል፤ ጎንበስ ብሎ የወጣውም ተመልሶ ይገባል። ወጣቶቻችን አንገት ሥር የሚፈላው ያ የሚያሳክክ ብጉር ከዚህ የመጣ ነው። የቆዳ ሐኪሞችም መፍትሔ ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚሉት መላጨቱን ተው፣ ካልሆነም ጠጋ አታድርገው ነው። የልጅ ልጄ ግን ባለ አምስቱን ገዝቶ ብጉር ያወጣል፣ ለብጉሩ ቅባት ይገዛል፣ ቅባቱ ሲያልቅ ብጉሩን ለመሸፈን ጢም ያሳድጋል፣ ጢሙን ለመከርከም ማሽን ይገዛል። ሁሉንም በእኔ ጡረታ።

ይህን ሳስረዳው ፊቱ በራ። «እንግዲያው ማሽን ነው የሚሻለው ማለትህ ነው፤ ትንሽ ያስቀራላ፣ አባባ!» አለኝ። ገንዘብ ሲፈልግ «አንቱ» ነኝ፣ በክርክር ሲያሸንፍ «አንተ»።

«ልክ የሆነው ማስቀረቱ ነው እንጂ ማሽኑ አይደለም፤ መቀስም ያስቀራል» አልኩት።

ማሽን ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ይኸው ልጅ አንድ ቅዳሜ ሚዜ ሊሆን ተሰናድቶ፣ ግራ ጉንጩን ጨርሶ ወደ ቀኙ ሲዞር መብራት ድርግም አለ። ቻርጅ አላደረገውም፤ ማን ያደርጋል? ሙሽራው በስልክ ይጮኻል፣ የእኔ ሰው በግራ ሙሽራ በቀኝ ባሕታዊ ሆኖ መስታወት ፊት ቆሟል። መስኮት አጠገብ አስቀምጬ በመቀስና በማበጠሪያ የጨረስኩለት እኔ ነኝ። ፎቶው ሲመጣ የትኛው ጉንጭ የማን እጅ እንደሆነ አይለይም፤ እኔ ግን እለያለሁ፣ ቀኙ ይበልጣል።

የእህቴ ልጅ ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲመጣ ለእኔ ብሎ ድፍን ያለ፣ ከባድ ቶንዶስ ይዞልኝ መጣ። ዕቃስ ዕቃ ነበር። ግን የአሜሪካ ነው፤ 120 ቮልት ጠጥቶ ያደገ። የእኛ 220 ነው። የልጅ ልጄ ሶኬቱ እንዲገባ አስማሚ ፈልጎ ሰካው፤ አስማሚ የሶኬቱን እግር እንጂ ኃይሉን እንደማይቀይር የነገረው የለም። ጮኸ፣ ጨሰ፣ አረፈ። ከኔ ጢም አንዲት ዘለላ ሳይቆርጥ ቀበርነው።

ጢም እንዴት እንደሚከረከም እንኳ የሚጠይቀኝ የለም እንጂ ብጠየቅ አጭር ነው። ጢሙ ደረቅ ይሁን። እርጥብ ጸጉር ይለጠጣል፤ ልክ ነው ብለህ የቆረጥከው ሲደርቅ ሽቅብ ይሸሽና ታዝናለህ። ማበጠሪያውን ከአገጭ ሥር ወደ ላይ ትሰድና ከጥርሱ አልፎ የወጣውን ብቻ በመቀስ ቅጭ። ደግመህ ታበጥራለህ፣ ደግሞ ቅጭ። ሪዙን ወደ ታች አበጥረህ በከንፈርህ መስመር ትቆርጣለህ፤ አለዚያ ሽሮው ከአንተ ቀድሞ ለሪዝህ ይደርሳል። አንገት ላይ ከማንቁርትህ በላይ ሁለት ጣት ትለካለህ፣ ከዚያ በታች ያለውን በሙቅ ውኃና በሳሙና አለስልሰህ በአንድ ምላጭ፣ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ ሳትጫን ትጠርጋለህ።

ምላጩም የራስህ ይሁን። ኤች አይ ቪ አገሩን ባስጨነቀበት ጊዜ ጸጉር ቤት ስንሄድ ምላጫችንን ከነወረቀቱ በሸሚዝ ኪሳችን ይዘን ነበር፤ ስለታም ነገር በጋራ እንዳንጠቀም ሬዲዮው ጠዋት ማታ ይመክረናል። ያ ምክር አሁንም በእኔ ኪስ ውስጥ አለ። እነዚህ ግን ቶንዶስ ይዋዋሳሉ! ባለፈው አንዱ የልጅ ልጄ ጓደኛ በር አንኳኩቶ «አባባ፣ ማሽኗን ለአንድ ሰዓት» አለኝ፣ መጥረቢያ የሚዋስ ይመስል። አፉን በአልኮል ታጸዱታላችሁ ወይ ብለው ሳቀ።

መቀሴን ግን ማንም አልተዋሰኝም እል ነበር። አጭር ናት፣ ጫፏ ዶልዶም፣ ምላሷ ስል፤ ወረቀት እንኳ አስቆርጬባት አላውቅም። በዚህ ቤት ግን መቀስ የተባለ ሁሉ የሕዝብ ነው። የወተት ላስቲክ ይቆረጥባታል፣ የደብተር ሽፋን፣ የማዳበሪያ ክር። ትናንት ቁምሳጥኑን ገልብጬ ሳጣት ወጥ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ዶሮ እየበለተችባት ነው።

«የጢሜን መቀስ!»

«ቢላዋው ደንዞብኝ ነው። ደግሞስ ያ ሁሉ ማሽን ተደርድሮልህ አንተ መቀስ ምን ያደርግልሃል?»

«ታዲያ አንቺ ላባውን በማሽኑ አትላጪውም ነበር?» ብያት ወጣሁ።