እጅሽ ይባረክ

ሁለት ሰዎች ድራፍት ቤት ተቀምጠው ስለ ቢራ ሲከራከሩ የሰማ መንገደኛ ጉዳዩ የድንበር ይመስለዋል። አንደኛው ጃምቦውን ጠረጴዛ ላይ እየጠበጠበ «ከጊዮርጊስ ወዲያ ቢራ አለ ብለህ ነው?» ይላል። ሁለተኛው ዋልያን ይዞ ይነሣል። ከጎን ጠረጴዛ ማንም ሳይጠራው የገባው ሦስተኛው ደግሞ «ቢራማ ድሮ ቀረ» ብሎ ሙሾ ያወርዳል። የሚቀርበው ማስረጃ ከሁሉም ወገን አንድ ነው፤ «የእኔው ራስ አያምም፣ የአንተው ያማል።» የመጠጥ ጣዕም በማግስቱ ጠዋት የሚለካበት ሌላ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። እነዚሁ ሰዎች እሑድ ማኅበር ቤት ሄደው ሦስት ጣሳ ጠላ ጠጥተው ሲወጡ፣ ጠላው እንዴት ነበር ቢባሉ ግን መልሳቸው «ጥሩ ነው» ብቻ ነው። ምን ዓይነት ጥሩ? ጥሩ ነዋ! እንግዲህ ክሴ ይኸው ነው፦ ልዩነት ከሌለበት ላይ ድምፃችን እስኪዘጋ እንከራከራለን፣ ልዩነት ሞልቶ ከፈሰሰበት ላይ ግን በአንድ ቃል እናልፋለን።

ከቢራው ልጀምር። በየመደርደሪያው የተሰለፉት ጠርሙሶች፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። አያታቸው እ.ኤ.አ. በ1842 በቦሄሚያዋ ፒልዘን ከተማ ዮሴፍ ግሮል የተባለ ባቫርያዊ ጠማቂ ያወጣው ወርቃማ፣ ጥርት ያለና በቀዝቃዛ ቦታ የሚብላላ ቢራ ነው። በ1915 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባው ፋብሪካም ሆነ ኋላ በሰበታ፣ በሐረር፣ በበደሌ፣ በጎንደርና በደብረ ብርሃን የተተከሉት በአብዛኛው ያራቡት ይህንኑ ዘር ነው። ብቅሉ ገብስ ነው፣ ምሬቱ የሚመጣው ሆፕስ ከሚባለው የፈረንጅ ጌሾ ነው፣ ከዚያ ተጣርቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ታሽጎ ይወጣል። ፋብሪካ የሚመሰገነው ሚሊዮንኛው ጠርሙስ ከመጀመሪያው ሳይለይ ሲቀር ነውና መመሳሰላቸውን በጉድለት አልቆጥረውም፤ ሙያ ነው። የሚገርመኝ የጠጪው እርግጠኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አሊሰንና ኡል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለቢራ ጠጪዎች ምልክቱ የተላጠ ጠርሙስ ሰጥተው ነጥብ አሰጧቸው። ጠጪዎቹ «የእኔ» የሚሉትን ቢራ ከሌላው መለየት አቃታቸው። ምልክቱ ተለጥፎ ሲመጣላቸው ግን እያንዳንዱ የራሱን ከፍ ከፍ አደረገ። ይጠጣ የነበረው ዓይናቸው ነው ማለት ነው። እኛ ዘንድ ይህ ሙከራ ከመጀመሩ ይፈርሳል፤ «ቆርኪው ፊቴ ካልተከፈተ አልጠጣም» የሚለው ሰው ብዛት ተመራማሪውን ያባርረዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ካስወጣ ዓመታት ተቆጠሩ፤ ወገንተኝነቱ ግን ዘፈኑ ቢቆምም ጭፈራውን አላቆመም።

«ሁሉንም አንድ አታድርገው» የሚለኝ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ሐኪም ስታውትን ከቢጫዎቹ ጋር ያምታታ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ብቻ ሳይሆን አፍንጫውንም ይዞ መሆን አለበት። ቦሌ አካባቢም በጀርመን አሠራር ቢራውን እዚያው ጠምቆ ቀዩንም ጥቁሩንም የሚያቀርብ ቤት አለ። በሰው አገር ደግሞ የአነስተኛ ጠማቂዎች ነገር ዓለሙን ካጥለቀለቀው ቆየ። ጃክ ማክኦሊፍ የተባለ የቀድሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰው እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያዋ ሶኖማ ከውዳቂ በርሜልና ከወተት ማምረቻ ዕቃ አንዲት ጠመቃ ቤት ገጣጠመ፤ ቤቲቱ ብዙም ሳትቆይ ተዘጋች፣ ተከታዮቿ ግን እንደ አሸን ፈሉ። ዛሬ እዚያ ማኅበር አላቸው፣ ማኅበሩም «አነስተኛ» ማለት ምን እንደሆነ በቁጥር ወስኗል፦ በዓመት ከ6 ሚሊዮን በርሜል የማይበልጥ። በሊትር ሲመነዘር ወደ 700 ሚሊዮን ነው። ልኩ ቀድሞ 2 ሚሊዮን በርሜል ነበር፤ አንድ ስመ ጥር አባል ሊያልፈው ሲቃረብ ከፍ አደረጉለት። ልጁ ከልብሱ ሲያልፍ ልብሱን ማስፋት የእናት ወግ ነውና አልፈርድባቸውም። በዚያ ስፍር ግን የእኛዋ ጠላ ጠማቂ ምን ልትባል ነው? ጤዛ?

ወደ እሷ ልምጣ። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታሽና ይታጠባል፤ ከዚያ በሚጨስ የወይራ እንጨት ላይ ይደፋል። እስከ መቼ ይታጠን? እዚህ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች አይስማሙም። አንዷ የጋኑ ጀርባ በመዳፍ ሲነካ እስኪፋጅ ትተወዋለች፤ ሌላዋ «ጭሱ ጠላውን ይቀድመዋል» ብላ ቶሎ ታነሣዋለች። ጌሾውም አንድ አይደለም፤ ቅጠሉ ተወቅጦ ለጥንስስ ይገባል፣ እንጨቱ ተከትክቶ ከድፍድፉ ጋር ይከርማል፣ የሁለቱን መጠን የሚወስነው የጠማቂዋ እጅ ነው። ከሁሉ ግን አሻሮው ዓይን ይፈልጋል። ገብሱ ምጣድ ላይ ወርቃማ እንዳለ ከወረደ ጠላው ቀላ ብሎ የዳቦ ቅርፊት ይሸታል። ጠየም እስኪል ከታገሡት ቡና ቡና ማለት ይጀምራል። ጥቂት ዘንግተውት ስልክ ካነሡ ደግሞ አርሮ ጉሮሮ የሚፍቅ ምሬት ያመጣል፣ ያን ምሬት በጌሾ ማሳበብ የቆየ ዘዴ ነው። ሦስት ዓይነት አሻሮ፣ ሁለት ዓይነት ጭስ፣ ሁለት ዓይነት የጌሾ አጣጣል ብንል 12 ጠላ ሆነ። ከአንዱ ጋን ደግሞ መጀመሪያ ጉሹ ይቀዳል፣ ተጣርቶ ፊልተር ተብሎ የሚቀርብ አለ፣ መጨረሻ ውኃ ተጨምሮበት ልጅም ገበሬም የሚጠጣው ቅራሪ ይወጣል። በሦስት ብናባዛው 36 መጣ። ይህ ሁሉ እህሉን ሳንለውጥ፣ ውኃውን ሳንለውጥ፣ ከአንድ ሰፈርም ሳንወጣ ነው።

ከሰፈር ከወጣን ሒሳቡ ይፈርሳል። ጎጃምና ጎንደር ዳጉሳ ይገባበታል፤ ትግራይ ሰዋ ይባላል፣ ኦሮሚያ ፋርሶ፣ ስሙ ሲለወጥም አፍ ላይ የሚቀረው ነገር አብሮ ይለወጣል። ከሁሉ የሚደንቀኝ የደንቢያው ኮረፌ ነው። የገብሱ ዱቄት ከጌሾ ጋር ተቦክቶ በጋን ሁለት ሦስት ወር ይከርማል፤ ሲፈለግ ከዚያ ተቆንጥሮ በውኃ ይበጠበጥና አንድ ቀን አድሮ ይጠጣል። ወራት ያረጀ ነገርና ትናንት የተወለደ ነገር በአንድ ጣሳ! ብራስልስ አጠገብ በዜን ወንዝ ሸለቆ ላምቢክ የሚጠምቁ ሰዎች ከአየር በሚያርፍ እርሾ የፈላውን ቢራቸውን በእንጨት በርሜል እያስረጁ፣ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱን ቀላቅለው ጎዝ ይሉታል፤ ኮምጣጣ ነው፣ አድናቂው በውድ ይገዛዋል። የጀርመኗ ባምበርግ ከተማ ደግሞ ብቅሉን በእንጨት ጭስ አድርቃ በምትጠምቀው ቢራ ትታወቃለች። ጎብኚ ያንን ጭስ ፍለጋ ባቡር ተሳፍሮ ይሄዳል። እኛ የወይራ ጭስ ያለበት ጠላ ቀርቦልን የምንሰጠው ከፍተኛው ትንታኔ «ጭስ ጭስ ይላል» ነው፣ እሱም በሹክሹክታ። ይህን የምለው «እኛ ቀድመን ነበር» የሚለውን የለመድነውን ዜማ ለመክፈት አይደለም፤ ቀድሞ መጥመቅ ማንንም ጥሩ ቀማሽ አያደርግም። እንዲያውም ቀድመን መጥመቃችን ዝምታችንን ይበልጥ አሳፋሪ ያደርገዋል።

ዝምታው ግን ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም የዋዛ አይደለም። ቢራውን የጠመቀው ሰው አጠገባችሁ የለም፤ ብትረግሙት አይሰማም። ጠላውን የጠመቀችው ግን ጣሳ ይዛ እላያችሁ ላይ ቆማለች። ገብሱን ለቅማለች፣ በጭስ ዓይኗ ቀልቷል፣ ሌሊት ተነሥታ ጋኑን አዳምጣለች። በዚህ ላይ «አሻሮው ትንሽ ዘግይቷል መሰለኝ» የሚል ደፋር በሚቀጥለው ማኅበር ወንበር አያገኝም። ስለዚህ «እጅሽ ይባረክ» ተባለ፣ ጣሳው ተጨለጠ፣ ያልጣመውም የጣመውም እኩል ተመረቀ። ምርቃቱ መልካም ነው፤ ክፋቱ መረጃ የሌለበት መሆኑ ነው። እጇ በእርግጥ የተባረከችው ሴትና ጌሾ ያበዛችው ሴት አንድ ዓይነት ደረሰኝ ይቆረጥላቸዋል። ቋንቋው ጠፍቶን እንዳይባል ደግሞ ቋንቋው ጓዳ ውስጥ አለ። ጠማቂዎቹ ለብቻቸው ሲሆኑ «ጥንስሱ ቸኩሏል»፣ «ጌሾው ገኖበታል»፣ «ቀጥኗል»፣ «ወደ መኮምጠጥ እያለ ነው»፣ «ገና አልደረሰም» ይባባላሉ። ሳሎኑ ጠጪ ነው፣ ጓዳው ተንታኝ። የጋን ውስጥ መብራት የሚለው ተረት እንደዚህ በቦታው የገባበት ሌላ ጉዳይ አላውቅም።

«ጠላ እኮ አንድ አይሆንም፤ የዛሬ ሳምንት የጣመው ቤት ዛሬ ይኮመጥጣል፣ ታዲያ ምኑ ከምኑ ይነጻጸራል?» የሚለው ተቃውሞ ራሱን በራሱ ይመልሳል። የማይለዋወጥ ነገር አንዴ ከተቀመሰ በቃው፤ ደጋግሞ መቀመስ የሚገባው የሚለዋወጠው ነው። ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ንጽሕናና ኃይል። ውኃው ከየት እንደመጣ፣ ጣሳው በምን እንደታጠበ የትም አልተጻፈም። የአልኮሉን ልክም ምላስ አይነግርም። ለተራ ጠላ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው፣ ለፊልተር ከ5 እስከ 6፤ ማለትም «ጠላ ነው፣ ምን ያደርጋል» ብሎ ፊልተር የሚደጋግም ሰው ከቢራ የማያንስ ነገር እየጠጣ ራሱን በስም ያታልላል። ይህን አልክድም። ነገር ግን የማይነጻጸር ጠላ በምን ይሻሻላል? በደንብ ያጠበችውና ያላጠበችው፣ ውኃ ያፈላችውና ያላፈላችው በአንድ ምርቃት ከተሸኙ፣ ድካሙን የጨመረችው ሴት ያተረፈችው ድካሙን ብቻ ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ያስፈራኛል፦ ይህ ወሬ ሲሟሟቅ አንድ ነጋዴ ይሰማና ጠላውን በቀጭን ብርጭቆ ቀድቶ፣ ከሥሩ ሦስት መስመር ግጥም ጽፎ፣ የቀን ሠራተኛው ከሚችለው ዐሥር እጥፍ ያስከፍልበታል። ለዚህ መድኃኒት የለኝም። በረጅም እንጨት ላይ የተደፋው ጣሳ ከአጥር በላይ እስከታየ ድረስ ግን ጠጪው የት መግባት እንዳለበት ያውቃል ብዬ እጽናናለሁ።

ውጭ አገር ያለው ወገናችን ከዚህ ክርክር አይቀርም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ቤት ለራሱ የሚጠጣው ቢራ በዓመት እስከ 200 ጋሎን ያለ ግብር መጥመቅ ይችላል፤ ወደ 757 ሊትር መሆኑ ነው። በወር 63 ሊትር ይደርሳል፣ ለአንድ የወር ማኅበር ተትረፍርፎ። ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 ሕጉን ሲፈርሙ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበርን አስበው እንዳልነበር ግልጽ ነው፤ ሆኖም ጌሾ በፖስታ እያስመጣች በፕላስቲክ በርሜል የምትጠነስስ የቨርጂኒያ ሴት ሳታውቀው ከማክኦሊፍ ወራሾች ተርታ ተሰልፋለች። የወይራ ጭሱ ላይ ግን ትቸገራለች፤ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማንቂያ ጠላ አያውቅም።

እንግዲህ ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ከሦስት ቤት ሦስት ጣሳ ይቀዳል፤ ማን የማን እንደሆነ የሚያውቀው አንድ የማይጠጣ ሰው ብቻ ይሁን። ቅራሪው ይቅደም፣ የተጣራው ይከተል፣ ጉሹ መጨረሻ ይምጣ፤ በተገላቢጦሽ የጀመረ ሰው ቅራሪውን ውኃ ነው ብሎ ይመሰክርበታል። በመካከሉ ሚጥሚጣ የነካው ቆሎ አይቀርብም፤ ባዶ ንፍሮ ይበቃል። መጀመሪያ አፍንጫ፣ ጭሱ እዚያ ነው። ቀጥሎ ምላስ፣ ብቅሉ ጣፋጭነቱን ያስቀረ እንደሆነ እዚያ ይታወቃል። ከተዋጠ በኋላ እስከ ሃያ ይቆጠር፤ ጌሾ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፣ እንደ ባለሥልጣን። «ጥሩ ነው» ማለት ለዚያች ሰዓት የተከለከለ ይሁን።

ዳኛ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። በቆየው ወግ አሳላፊዋ ጠላውን ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት ጠብ አድርጋ በመዳፏ ትቀዳና ፊት ለፊቱ ትቀምሳለች። እንግዳው መርዝ የለበትም ማለት ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እሷ ግን በዚያች ጉንጭ ጭሱንም፣ አሻሮውንም፣ ማግስቱን ይደርስ አይደርስ እንደሆነም ለይታዋለች። ጠይቋት። ጌሾው ቅጠል ነው ወይስ እንጨት ያመዘነበት? በመጀመሪያው ጥያቄ «ምነው፣ አልጣማችሁም?» ብላ ፊቷ ይጠቁራል። በሁለተኛው «ኧረ እሱስ» ብላ ወደ ጓዳው ትመለከታለች። በሦስተኛው ጣሳውን መሬት አስቀምጣ ዱካ ትስባለች።