ብርድ የሚፈራው የበረዶ ተራራ

ፍሎሪዳ ውስጥ ዲዝኒ የሠራው ብሊዛርድ ቢች የሚባል የውሃ መዝናኛ አለ። በ1995 ሲከፈት እንዲህ ያለ ተረት ተፈጠረለት፦ በዚያ ሞቃት አገር ድንገት በረዶ ጣለ፤ ፈጠን ያለ ነጋዴ የበረዶ መንሸራተቻ አቋቋመ፤ በረዶው ቀለጠበት። ሊዘጋው ሲል አንድ አዞ በቀለጠው ውሃ ሲንሸራተት ታየና ሥራው ዳነ። ዛሬ ጎብኚው በዋና ልብሱ ነጭ የተቀባ ተራራ ጫፍ ወጥቶ ቁልቁል ይወረወራል። ታዲያ ይኸው የበረዶ ተራራ፣ ፍሎሪዳ በጥር ትንሽ ቀዝቀዝ ስትል፣ በብርድ ምክንያት ይዘጋል። አዞውስ ምን ይበል?

ካሊፎርኒያም ያው ነው። የዲዝኒላንድ የመናፍስት ቤት ገና ካለፈ በኋላ ይቆለፋል፤ መናፍስቱ የበዓል ጌጣቸውን የሚያወርዱበት ጊዜ ያስፈልጋቸዋላ!

በእርግጥ መጫወቻዎቹ ለጥገና ሲዘጉ ሐዲድ ይፈተሻል፣ ብሎን ይጠብቃል፤ እሱን ማን ይጠላል። የሚያስቀው «በጥር ሂዱ፣ ወረፋ የለም» የሚለው የአዋቂዎች ምክር ነው። እውነት ነው፤ የተዘጋ በር ፊት ማን ይሰለፋል?

የኦሃዮው መዝናኛ ሲዳር ፖይንት ይሻላል። ብርዱ ሲመጣ ግቢውን በሙሉ ጠርቅሞ እስከ ግንቦት ደህና ሁኑ ይላል። ሌሎቹ ግን አንዱን መጫወቻ በአጥር፣ ሌላውን በሸራ ሸፍነው በሩን ወለል አድርገው ይጠብቁናል። የማስታወሻ ዕቃ መሸጫው ለጥገና ተዘጋ ሲባል እስካሁን አልሰማሁም።